ከምሽቱ 4 ሰዓት በፊት በአየር የማይሄድ ነገር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በአሜሪካ ሬዲዮና ቴሌቪዥን ስለሚተላለፍ ነውር የደረሱንን ደብዳቤዎች በአንድ ላይ አቅርበናቸዋል። ቀኑ፣ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ በአውሮፓውያን፣ ሰዓቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው።

ጥያቄ፦ ልጆቼን ከትምህርት ቤት ሳመጣ መኪና ውስጥ የምከፍተው የኤፍ.ኤም. ጣቢያ አቅራቢዎች አፋቸው ያመጣላቸውን ሁሉ ይናገራሉ። ማታ በኬብል የሚታየው ደግሞ የባሰ ነው። የሚከሰሰው የት ነው? መንግሥትስ ዝም የሚለው ለምንድን ነው?
የሁለት ልጆች እናት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

መልስ፦ ሬዲዮኑንና ኬብሉን ለይተው ይዩአቸው። የፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን፣ በተለምዶ ኤፍ.ሲ.ሲ. የሚባለው መሥሪያ ቤት፣ ነውርን የሚቆጣጠረው ማንም ሰው በአንቴና በነጻ በሚቀበለው ሬዲዮና ቴሌቪዥን ላይ ብቻ ነው። ኬብል፣ ሳተላይት፣ ዩቲዩብና ኔትፍሊክስ ከዚህ ውጭ ናቸው። ስለዚህ የሬዲዮኑ አቤቱታዎ ሰሚ አለው፤ የኬብሉ ግን አንድ ልክ ካላለፈ በቀር ይመለስብዎታል።

ልኩ ይህ ነው። በአጠቃላይ ሲታይ ፍትወትን የሚቀሰቅስ፣ ወሲብን በሚያስጸይፍ ግልጽነት የሚያሳይና የሥነ ጽሑፍ፣ የኪነ ጥበብ፣ የፖለቲካም ሆነ የሳይንስ ቁም ነገር የሌለው ሥራ በየትኛውም ሰዓት፣ በኬብልም ቢሆን፣ ክልክል ነው። መመዘኛው በ1973 በጠቅላይ ፍርድ ቤት የወጣ ሲሆን ሦስቱም ነጥቦች ካልተሟሉ አይሠራም። ከዚያ በታች ያለው ተራ ነውር፣ ማለትም ስለ ወሲብ ወይም ስለ መጸዳዳት ኅብረተሰቡን በሚያስቀይም መንገድ መናገር ወይም ማሳየት፣ እንዲሁም ጸያፍ ስድብ የተከለከለው ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ከ4 ሰዓት በኋላ ልጆች ተኝተዋል ተብሎ ይታሰባል።

አቤቱታው በኤፍ.ሲ.ሲ. ድረ ገጽ ላይ ባለው የሸማቾች ቅጽ በነጻ ይቀርባል። ቀኑን፣ ሰዓቱንና የሰዓት ቀጠናውን፣ የጣቢያውን መለያ ፊደላት ወይም ቁጥር፣ የፕሮግራሙን ስም ይጻፉ። ከሁሉም በላይ የተነገረውን ቃል በቃል ያስፍሩ፤ ከፊትና ከኋላው ምን እንደተባለም ይጨምሩ። «በጣም አስነዋሪ ነገር ተናገሩ» ብቻ ተብሎ የተጻፈ አቤቱታ ፋይል ውስጥ ይቀራል፤ መርማሪው በአስተያየት ላይ ሊመረምር አይችልም። ቅጂ ማያያዝ ግዴታ አይደለም፤ ካለዎት ግን ብዙ ያግዛል። እኛ ሰዎች ደጋግመን የምንስተው አንድ ነገር አለ፦ ሰዓቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር መጻፍ። ከቀኑ 9 ሰዓት የተሰማን ስድብ «9 ሰዓት» ብለው ከላኩት አሜሪካዊው መርማሪ ጠዋት ወይም ማታ አድርጎ ይፈልገዋል፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ የሚያገኘው ነገር የለም።

አይዘግዩ። መሥሪያ ቤቱ ለመቅጣት የጊዜ ገደብ አለበት። ደመወዙን ያላገኘ ሰው እንደሚከሰው ያለ ክስ ስላልሆነ ለእርስዎ የሚከፈል ካሳ አይኖርም፤ ቅጣቱ ቢጣል እንኳ ገንዘቡ የሚገባው ለአሜሪካ ግምጃ ቤት ነው። ድብድብና ግድያ ማሳየት፣ ወይም ዘርን መስደብ፣ ምንም ያህል ቢያሳዝን በነውር ሕጉ ውስጥ የለም።

ጥያቄ፦ የእኛ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን ይከለክላል፤ የወጣቶችን ደኅንነት ለመጠበቅ ግን በሕግ ገደብ ሊጣል እንደሚችልም ይናገራል። አሜሪካኖች የሐሳብ ነጻነት እናት ነን እያሉ በስድብ ምክንያት ሚሊዮን ዶላር የሚቀጡት እንዴት ነው? ይህ ሳንሱር አይደለም?
የሕግ ተማሪ፣ አዲስ አበባ

መልስ፦ አሜሪካኖቹም ከራሳቸው ጋር ሲከራከሩበት ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏቸዋል። ኤፍ.ሲ.ሲ.ን ያቋቋመው የ1934 ሕግ መሥሪያ ቤቱ ስርጭትን አስቀድሞ እንዳይመረምር በግልጽ ይከለክላል። በሌላ በኩል የወንጀል ሕጉ በሬዲዮ ጸያፍ ወይም ነውረኛ ቃል የተናገረ ሰው እስከ 2 ዓመት ሊታሰር ወይም ሊቀጣ ይችላል ይላል። ሁለቱን ያስታረቁት እንዲህ ነው፦ ማንም ፕሮግራሙን ከመተላለፉ በፊት አይቶ አያግድም፤ ከተላለፈ በኋላ ግን ባለ ፈቃዱ፣ ማለትም የስርጭት ፈቃድ ያለው ጣቢያ፣ ይጠየቃል። አስቀድሞ ከሚቆርጥ ባለሥልጣን ይህ የተሻለ ነው። ቢሆንም አጥሩ የት እንደቆመ ካልታወቀ ባለ ጣቢያው ራሱ ቆራጭ ይሆናል፤ የክርክሩ ሁሉ ሥር እዚህ ላይ ነው።

መነሻው ጥቅምት 30 ቀን 1973 ነው። ደብልዩ.ቢ.ኤ.አይ. የተባለ የኒውዮርክ ጣቢያ ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ኮሜዲያን ጆርጅ ካርሊን በአየር ላይ ስለማይባሉ ቃላት የሠራውን ረጅም ወግ አሰማ። ከልጁ ጋር መኪና ውስጥ ሆኖ የሰማ አባት አቤት አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1978 በ5 ለ4 ድምፅ ለኤፍ.ሲ.ሲ. ፈረደ። ያቀረበው ምክንያት ሁለት ነው፦ ሬዲዮ ሳይጠራ ቤት ውስጥ ይገባል፤ ማንበብ የማይችል ሕፃንም ይሰማዋል። ከዚያ በኋላ ኮሚሽኑ ለረጅም ጊዜ በቁጥብነት ሠራ። አምልጦ የወጣን አንድ ቃል አይቀጣም ነበር።

ያ የተለወጠው በ2004 ነው። በ2003 የጎልደን ግሎብ ሽልማት ላይ ሙዚቀኛው ቦኖ በደስታ ያመለጠችውን አንዲት ቃል የኮሚሽኑ ሠራተኞች በመጀመሪያ «ጥፋት አይደለም» ብለው ነበር፤ በመጋቢት 2004 ኮሚሽነሮቹ ገልብጠው ጥፋት ነው አሉ። ይህ ከመሆኑ ጥቂት ሳምንታት በፊት፣ የካቲት 1 ቀን፣ በሱፐር ቦውል፣ ማለትም በአሜሪካ ፉትቦል የፍጻሜ ጨዋታ፣ የዕረፍት ትርዒት ላይ የዘፋኟ ጃኔት ጃክሰን ጡት ከአንድ ሰከንድ ለሚያንስ ጊዜ ታየ። ከ500,000 በላይ አቤቱታ መጣ፤ ብዙው አንድ ዓይነት ጽሑፍ በጅምላ የተላከ ነበር። ኮሚሽኑ ትርዒቱን ባስተላለፈው የቴሌቪዥን ድርጅት በሲ.ቢ.ኤስ. ባለቤትነት ሥር ባሉ 20 ጣቢያዎች ላይ በእያንዳንዳቸው 27,500፣ በድምሩ 550,000 ዶላር ጣለ። ኮንግረሱ ደግሞ በ2006 ትልቁን ቅጣት ከ32,500 ወደ 325,000 ዶላር አሳደገው። ለዋጋ ንረት በየዓመቱ ስለሚስተካከል ዛሬ ለአንድ ጥፋት ከ400,000 ዶላር ይበልጣል።

ሲ.ቢ.ኤስ. ግን በመጨረሻ አልከፈለም። የፊላደልፊያው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2008፣ ከዚያም እንደገና በ2011 ቅጣቱን ሻረው፤ ኮሚሽኑ አሠራሩን ሳያሳውቅ ለውጦ ወደኋላ ቀጥቷል አለ። በ2012 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በሌሎች ጉዳዮች ላይ፣ ማለትም ባመለጡ ስድቦችና በአንድ የፖሊስ ድራማ ውስጥ ለጥቂት ሰከንዶች በታየ እርቃን ላይ፣ በተመሳሳይ ምክንያት በ8 ለ0 ለጣቢያዎቹ ፈረደ። የነውር ሕጉ ራሱ ከሐሳብ ነጻነት ጋር ይጋጫል ወይስ አይጋጭም የሚለውን ግን ሳይነካው አለፈ። የ1978ቱ ፍርድ ዛሬም ቆሟል፤ ምንም እንኳ ከፍርድ ቤቱ ዳኞች ከቀኝ ክላረንስ ቶማስ፣ ከግራ ሩት ቤደር ጊንስበርግ በየራሳቸው ምክንያት እንደገና እንዲታይ ቢጽፉም።

የእኛ አቋም ይህ ነው። የሰዓት ገደቡ ተገቢ ነው፤ ወላጅ ሊያውቀው ይችላል፣ ጣቢያውም ሊያከብረው ይችላል። በቅጽበት ላመለጠች ቃል የሚጣል የሚሊዮን ዶላር ስጋት ግን ልጆችን አልጠበቀም፤ አዋቂዎችን ነው ያሳጣቸው። በኅዳር 2004 የቴሌቪዥን ድርጅቱ ኤ.ቢ.ሲ. የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የሚያሳይ የታወቀ ፊልም ለጦር ሠራዊት መታሰቢያ ቀን ሲያስተላልፍ፣ የወታደሮቹን ስድብ ፈርተው ከ60 በላይ ጣቢያዎች ሳያሳዩት ቀሩ። ኮሚሽኑ በቀጣዩ ዓመት «ፊልሙ ጥፋት የለበትም» አለ። መልሱ የመጣው ተመልካቹ ካጣው በኋላ ነው። መንግሥት የሚቀጣበትን ነገር አስቀድሞ በግልጽ መናገር አለበት፤ ይህንን የሚጠይቀው የሕግ ሀሁ ነው።

ጥያቄ፦ ከአንድ የአካባቢው ጣቢያ በሳምንት የተወሰነ የአየር ሰዓት ተከራይተን በአማርኛ ፕሮግራም እናቀርባለን፤ ስልክም እንቀበላለን። ደዋይ በቀጥታ ስርጭት ቢሳደብ የሚጠየቀው ማን ነው? በአማርኛ ስለሆነስ ማን ይሰማናል?
የሬዲዮ ፕሮግራም አዘጋጅ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ

መልስ፦ ቋንቋ አያድንም። አንድ አድማጭ ቃሉን ተርጉሞ ቢልክ ይበቃል፤ በስፓኒሽ የሚተላለፉ ፕሮግራሞች በዚህ መንገድ ተጠይቀዋል። በኤፍ.ሲ.ሲ. ፊት የሚቆመው ግን ባለ ፈቃዱ ጣቢያ ነው፤ ሰዓቱን አከራየሁ ማለት ኃላፊነቱን አያወርድለትም። ለዚህ ነው የኪራይ ውል ላይ ብዙ ጊዜ ሁለት አንቀጾች የሚገኙት፦ ጣቢያው ፕሮግራሙን በማንኛውም ቅጽበት የማቋረጥ መብት አለው፤ በእናንተ ምክንያት ቅጣት ቢመጣበትም እናንተ ትተኩለታላችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት ሁለተኛውን አንቀጽ በጠበቃ አሳዩ፤ ከፍተኛ ገደብ በዶላር እንዲጻፍበትም ጠይቁ። ያለ ገደብ የተፈረመ ውል አንድ ትንሽ ማኅበር ሊከፍለው የማይችል ዕዳ ሊያመጣ ይችላል።

ቀጥሎ ጣቢያው የድምፅ ማዘግያ እንዳለው ጠይቁ። መሣሪያው የምትናገሩትን ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 8 ሰከንድ ይዞ ያቆየዋል። ስድብ ሲሰማ የመሰረዣው ቁልፍ ይጫናል፤ የተያዘው ድምፅ ይጣልና ፕሮግራሙ ይቀጥላል። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ አደገኛ ነው፦ መሣሪያው ባዶ ስለሆነ ድምፁን በማይታወቅ መጠን እያዘገመ መጠባበቂያውን እንደገና እስኪሞላ ድረስ አንዳንድ ደቂቃ ይፈልጋል። በዚያ መካከል ሁለተኛ ስድብ ከመጣ ቀጥታ ያልፋል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ከሰረዛችሁ ወዲያው ሌላ ደዋይ አታስገቡ፤ ሙዚቃ ወይም ማስታወቂያ አስገቡና ጠቋሚው መብራት ሙሉ እስኪሆን ቆዩ። ቁልፉን የሚጫነው ሰው ከአቅራቢው ሌላ መሆን አለበት፤ አማርኛ የማይሰማ ቴክኒሻንም ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ስልክ የሚቀበለው ሰው የደዋዩን ስምና ጉዳይ አስቀድሞ ይጠይቅ፣ ቤቱ ውስጥ የከፈተውን ሬዲዮም እንዲዘጋ ይንገረው። ካልዘጋ ከብዙ ሰከንድ በፊት የተናገረውን የራሱን ድምፅ እየሰማ ይደናበራል፣ ይደግማል፣ ይናደዳል። ፕሮግራሙን በፌስቡክ ወይም በዩቲዩብም የምታስተላልፉ ከሆነ የድምፁ መስመር ከማዘግያው በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚወጣው ብላችሁ አጣሩ። ከፊት ከሆነ በሬዲዮ የተሰረዘው ስድብ በኢንተርኔት ሳይነካ ይሄዳል። ኤፍ.ሲ.ሲ. ባይቀጣችሁም የተሰደበው ሰው ቀድቶ ያስቀምጠዋል።

ሰምና ወርቅስ? በዘፈን ወይም በአዝማሪ ግጥም የተሸፈነ ወሲባዊ ትርጉም ያሳስባችሁ ይሆናል። የኮሚሽኑ የ2001 መመሪያ ሦስት ነገሮችን ይመዝናል፦ አገላለጹ ምን ያህል ግልጽ ነው፣ ነገሩ ላይ ይቆያል ወይስ ያልፋል፣ ዓላማው ስሜት መቀስቀስ ወይም ማስደንገጥ ነው ወይ። ወርቁ ለሰሚው ሊያከራክር በማይችል ሁኔታ ወሲብ ብቻ ከሆነ ሰሙ አይከላከልላችሁም፤ ሁለተኛ ትርጉም በእውነት የሚቀበል ከሆነ ግን የተለየ ነው። አጠራጣሪ ዘፈን ካላችሁ ከ4 ሰዓት በኋላ አሰሙት። የተቀዳ ዝግጅት ከሆነ ደግሞ ከመላኩ በፊት ሙሉውን ስሙት፣ ሥዕል ካለውም በሙሉ ስክሪን እዩት። ደብልዩ.ዲ.ቢ.ጄ. የተባለው የሮአኖክ፣ ቨርጂኒያ፣ ጣቢያ በ2012 የምሽት ዜናው ላይ ከአንድ የወሲብ ድረ ገጽ የተነሣ ምስል በስክሪኑ ጠርዝ ለ3 ሰከንድ ያህል አሳለፈ። የማቀናበሪያው ስክሪን ጠርዙን ቆርጦ ስለሚያሳይ አላየነውም ብሎ ተከራከረ። ኮሚሽኑ በ2015 እንዲጣልበት ያቀረበው ቅጣት 325,000 ዶላር ነበር።

ጥያቄ፦ በእኛ ከተማ የአዋቂዎች ድራማ በ3 ሰዓት ይጀምራል፤ ኒውዮርክ ያለችው እህቴ ያንኑ በ4 ሰዓት ታየዋለች። ልጄን በምን ልጠብቀው?
አባት፣ ዳላስ፣ ቴክሳስ

መልስ፦ ሕጉ የሚቆጥረው የየአካባቢውን ሰዓት ነው። ከላይ የጠቀስነው የፖሊስ ድራማ የተቀጣውም በእናንተ የሰዓት ቀጠናና በተራራው (ማውንቴን) የሰዓት ቀጠና ባሉ ጣቢያዎች ላይ ብቻ ነበር፤ በኒውዮርክ 4 ሰዓት ስለነበር አልተነካም።

ለቤትዎ ግን ከኤፍ.ሲ.ሲ. ይልቅ ሪሞቱ ይፈጥናል። ከ2000 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሸጥ 13 ኢንችና ከዚያ በላይ የሆነ ቴሌቪዥን ቪ-ቺፕ የተባለ መዝጊያ አለው። በሴቲንግ ውስጥ የወላጅ መቆጣጠሪያውን ይክፈቱ፤ ፋብሪካው የሰጠውን የሚስጥር ቁጥር መጀመሪያ ይቀይሩት፤ ልጆች 0000 እና 1234ን ሞክረው ነው የሚከፍቱት። ከዚያ ቲ.ቪ.-14 እና ቲ.ቪ.-ኤም.ኤ. የተባሉትን ደረጃዎች ይዝጉ። የፊልሞች ሠንጠረዥ ሌላ ስለሆነ እዚያም «አር» (R) የተባለውን የአዋቂዎች ደረጃ ለብቻው ይዝጉ፤ ብዙ ሰው ይህን ይረሳዋል። ዜና፣ ስፖርትና ማስታወቂያ ደረጃ ስለማይሰጣቸው አይዘጉም፤ የሱፐር ቦውሉም ነገር በዚህ አይታገድም ነበር። ቪ-ቺፑ የሚሠራው ቴሌቪዥኑ በራሱ አንቴና በሚቀበለው ላይ ነው። በኤች.ዲ.ኤም.አይ. የተገናኘ የኬብል ሳጥን ካለዎት ሳጥኑ ላይ ሌላ ቁጥር ያስገቡ፤ ለኔትፍሊክስና ለዩቲዩብ ደግሞ በየመተግበሪያው ውስጥ የልጅ መለያ ይክፈቱ፣ የእርስዎንም መለያ በቁጥር ይቆልፉ። ሲጨርሱ የተዘጋ ፕሮግራም ከፍተው ይሞክሩት፤ ቁጥር ካልጠየቀዎት አንዱ ቦታ አልተቀመጠም ማለት ነው።