ሳህን ለይቶ መስኮት መዝጋት፦ የአንባቢያን ጥያቄዎች ስለ ተላላፊ በሽታዎች

ክረምት ሲቃረብ የሚደርሱን ጥያቄዎች ወደ አንድ ጉዳይ ያዘነብላሉ፦ ተቅማጥ፣ ሳል፣ ኩፍኝ። ጠያቂዎቻችን ጥንቃቄ አልጎደላቸውም። ብዙው ድካማቸው ግን በሽታው በማይገባበት በር ላይ ያልቃል፤ የሚገባበት በር ደግሞ ወለል ብሎ ይቀራል። ከደረሱን መካከል አምስቱን መርጠናል።

ጥያቄ፦ ሰፈራችን አተት (አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት) ገብቷል ተብሏል። የቧንቧ ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ስለሚመጣ በጀሪካንና በሮቶ እናጠራቅማለን። ባለቤቴ «ማፍላት ይበቃል» ይላል፤ እኔ በረኪና ጠብ አደርጋለሁ፤ ልኩን ግን አላውቀውም። (አንዲት እናት፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለቱም መንገዶች ይሠራሉ። ከሁለቱም በፊት ግን ስለ ፈረቃው እንነጋገር። ውሃ ሲቋረጥ ቧንቧው ውስጥ ያለው ግፊት ይጠፋል። ያኔ በተሰነጠቀ መገጣጠሚያ በኩል በዙሪያው ያለውን ቆሻሻ ውሃ፣ አንዳንዴም ከጎኑ ካለፈ የፍሳሽ መስመር የወጣውን፣ ወደ ውስጥ ይስባል። ስለዚህ ውሃው ሲመለስ መጀመሪያ የሚወርደውን ለመጠጥ አያጠራቅሙ። ጥርት ብሎ እስኪወርድ ድረስ ያለውን ለመጸዳጃ ቤት ያውሉት።

ማፍላት ከመረጡ የአገሩን ከፍታ ያስቡ። ከ2,000 ሜትር በታች ውሃው እየተንተከተከ 1 ደቂቃ ቢፈላ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ 3 ደቂቃ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ደሴና ደብረ ብርሃን ያላችሁም ይህ ይመለከታችኋል፤ ድሬዳዋ ያላችሁ ደቂቃዋ ትበቃችኋለች። የፈላ ውሃ ድክመቱ ከቀዘቀዘ በኋላ ራሱን የሚከላከልበት ነገር አለመኖሩ ነው፤ አንድ ያደፈ ኩባያ ከነከሩበት ልፋቱ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ክሎሪን (በረኪና ውስጥ ያለው ጀርም ገዳይ) የተጨመረበት ውሃ ግን ዕቃው ውስጥም ሆኖ ለተወሰነ ጊዜ ይጠበቃል። ለማጠራቀም የሚሻለው ስለዚህ ክሎሪን ነው፤ ማገዶም ይቆጥባል።

ውሃ አጋር (ለመጠጥ ውሃ ማከሚያ የሚሸጥ ክሎሪን) ካገኙ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን መጠን ይከተሉ። በረኪና ከሆነ 5 በመቶ የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ሽቶም ሳሙናም ያልተቀላቀለበት ይሁን። ለ1 ሊትር 2 ጠብታ፣ ለ20 ሊትር ጀሪካን 40 ጠብታ ማለት ነው። አርባ ጠብታ መቁጠር ያደክማል፤ ከፋርማሲ መርፌ የሌለው ስሪንጅ ገዝተው 2 ሚሊ ሊትር ይለኩ። ጀሪካኑን ነቅንቀው 30 ደቂቃ ይተዉት። ሲከፍቱት በስሱ የክሎሪን ሽታ ሊኖረው ይገባል። ምንም ካልሸተተ ያንኑ መጠን ደግመው 15 ደቂቃ ይጠብቁ፤ አሁንም ካልሸተተ ያን ውሃ ለመጠጥ አያውሉት። የደፈረሰ ውሃ ከሆነ መጀመሪያ እንዲጠልል ያቆዩት፤ ከላይ የጠራውን በንጹሕ እጥፍ ነጠላ አጥልለው መጠኑን እጥፍ ያድርጉ። አፈሩና ቆሻሻው ክሎሪኑን ስለሚጨርሰው ለጀርሙ የሚተርፍ አይኖርም።

በውሃ ጠርሙስ እየተቀዳ፣ ያለ ጽሑፍ በየሱቁ የሚሸጠው በረኪና ኃይሉ አይታወቅም፤ ፀሐይ ላይ ውሎ ከሆነም ደክሟል። እሱ ለወለል ይሁን፣ ለመጠጥ አይሁን።

ጀሪካኑ ጠባብ አፍ ያለው መሆኑ ጥሩ ነው፤ ጣሳ አይገባበትምና። ግን ውስጡን ዳብሰው ያውቃሉ? አረንጓዴና የሚያዳልጥ ነገር ካለ ጀርሙ እዚያ ተሸሽጎ ከክሎሪኑ ያመልጣል። አንድ እፍኝ የታጠበ ጠጠር፣ ሳሙናና ጥቂት ውሃ ከተው ደህና አድርገው ይናጡት፤ ከዚያ ደጋግመው ያለቅልቁት። ሮቶው ደግሞ ታጥቦ ከተሞላ በኋላ ለ1,000 ሊትር 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ይጨመርበታል። ሽታው እስኪመጣ እያንዳንዱን ቧንቧ ከፍተው ይዝጉ፤ ቱቦዎቹም በዚያው ይጸዳሉ። 24 ሰዓት ቆይቶ ሙሉ በሙሉ ይደፋል። በዚያ ቀን ከሮቶው ማንም እንዳይጠጣ ለልጆቹም ለቤት ሠራተኛዋም አስቀድመው ይንገሩ።

ጥያቄ፦ ቤት ውስጥ ሰው በድንገት ተቅማጥና ትውከት ቢጀምረው ጤና ጣቢያ እስክንደርስ ምን እናድርግ? የተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን ይሰጠው? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ አይሰጠው። እንዲህ ያለ ድንገተኛ ተቅማጥና ትውከት የሚያመጣው ኮሌራ የሚገድለው ሰውነትን በማድረቅ ነው። በጠናበት አዋቂ ላይ በሰዓት እስከ 1 ሊትር ፈሳሽ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ ትግሉ ከሰዓት ጋር ነው። ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩን (ኦአርኤስ) ፓኬቱ በሚያዘው ልክ፣ ብዙውን ጊዜ በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ በጥብጠው ወዲያው መስጠት ይጀምሩ። ፓኬቱን ከፋፍሎ በብርጭቆ በብርጭቆ መበጥበጥ ልኩን ያበላሻል። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት ካለፈ ይደፋ። ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን ከእያንዳንዱ ተቅማጥ በኋላ ከ50 እስከ 100 ሚሊ ሊትር፣ ከ2 እስከ 10 ዓመት ላለ ልጅ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር፣ ከዚያ በላይ ላለ የቻለውን ያህል ይሰጣል። ካስመለሰው 10 ደቂቃ ጠብቀው በማንኪያ ቀስ እያሉ ይቀጥሉ፤ ብዙ ሰው የሚያቆመው እዚህ ላይ ነው። ጡት የሚጠባ ሕፃን መጥባቱን አያቋርጥ።

ፓኬት ከሌለ 1 ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው። ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፤ ጨው ከበዛ ሕፃን ልጅን ይጎዳል። ይቅመሱት፤ ከእንባ በላይ ጨዋማ ከሆነ ደፍተው እንደገና ይሥሩ።

ዓይኑ ከሰረጎደ፣ ቆዳው ተቆንጥጦ ሲለቀቅ ቶሎ ካልተመለሰ፣ ሽንቱ ከጠፋ ወይም ከፈዘዘ በአፍ መስጠቱ ብቻውን አይበቃም። የተገኘውን ተሽከርካሪ ይያዙ፤ መንገድ ላይም እያጠጡት ይሂዱ።

ወለሉን ለማጽዳት አንድ እጅ ባለ 5 በመቶ በረኪና በዘጠኝ እጅ ቀዝቃዛ ውሃ በጥብጠው ትውከቱና ሰገራው ላይ ያፍስሱ፤ 10 ደቂቃ ቆይተው ይጥረጉት። ሙቅ ውሃ የበረኪናን ኃይል ያጠፋል። ከሽንት ቤት ማጽጃ አሲድ ጋር ፈጽሞ አይቀላቅሉት፤ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ልብሱና አንሶላው 5 ደቂቃ ይቀቀል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ወንዝ ወርዶ ማጠብ በሽታውን ከታች ላሉት ጎረቤቶች መላክ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር፦ «ለመከላከያ» ተብሎ ለቤተሰቡ ሁሉ ቴትራሳይክሊን ወይም አሞክሳሲሊን ገዝቶ ማደል ይቅር። ያልታመመውን አይጠብቀውም፤ ጀርሙ ግን መድኃኒቱን ይለምዳል።

ጥያቄ፦ የቤት ሠራተኛችን ለሦስት ሳምንት ስታስል ቆይታ በአክታ ምርመራ ቲቢ ተገኘባት። ሳህንና ብርጭቆ ለይቼላታለሁ። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ ትንሿ 3 ዓመቷ ነው። እስክትድን ወደ አገሯ ብልካትስ? (ከአዳማ)

መልስ፦ አይላኳት። መድኃኒት በጀመረችበት ሰሞን፣ ገና የምታስተላልፍ ሆና፣ መስኮቱ በተዘጋ አውቶቡስ ስድስት ሰባት ሰዓት ብትጓዝ ከእርስዎ ቤት የበለጠ ሕዝብ ታጋልጣለች። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ሲከፈት «ብርድ ገባ» የሚል ሰው እንደማይጠፋ ያውቁታል። ከሁሉ የሚከፋው ሕክምናዋ ሊቋረጥ መቻሉ ነው፤ የተቋረጠ ሕክምና መድኃኒት የማይበግረውን ቲቢ ያመጣል።

ሳህኑን መለየትዎ ምንም አይጠቅምም። የሳንባ ቲቢ የሚተላለፈው በአየር ነው፤ ሰውየው ሲያስል፣ ሲያስነጥስ፣ ሲያወራ የሚወጡት ደቃቅ ጠብታዎች በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት ይንሳፈፋሉ። በማንኪያ፣ በልብስ፣ በመጨባበጥ አይተላለፍም። ሳህኗን መልሱላት፤ መስኮቱን ግን ክፈቱላት። ፊት ለፊት ያሉ በርና መስኮት አንድ ላይ ቢከፈቱ አየሩ ይወጣል። አንድ መስኮት ብቻ ገርበብ ማድረግ ያን ያህል አይሠራም። ቀን ቀን በረንዳ ላይ ፀሐይ ብትሞቅ ለሷም ለቤቱም ይበጃል። ሐኪሙ «አሁን አታስተላልፍም» እስኪል ለብቻዋ ትተኛ፣ ቤት ውስጥ ሰው መሐል ስትሆን ማስክ ታድርግ፣ ልጆቹን አትያዝ። መድኃኒቱ ከሠራ የማስተላለፍ አቅሟ በሳምንታት ውስጥ በእጅጉ ይወርዳል። አክታዋን ክዳን ባለው ጣሳ ሰብስባ ሽንት ቤት ትድፋው።

ሕክምናው በተለመደው ቲቢ 6 ወር ሲሆን በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል። ሽንቷ ብርቱካንማ ቢሆን አትደንግጡ፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ፣ ሪፋምፒሲን፣ ያመጣው ነው። አደገኛው ጊዜ ሁለተኛው ወር አካባቢ ነው፦ ሳሉ ይጠፋል፣ ክብደት ይመለሳል፣ ክኒኑም «አበቃ» ተብሎ ይቀራል።

አሁን የሚቀረው የእርስዎ ቤተሰብ ነው። ባያስላችሁም ሁላችሁም በዚህ ሳምንት ለምርመራ ሂዱ። የ3 ዓመቷ ልጅ ቅድሚያ አላት፤ ከ5 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ቲቢ ቶሎ ይበረታባቸዋል፣ ወደ አንጎልም ሊሄድ ይችላል። በልጅነቷ የተከተበችው ቢሲጂ ከዚህ ከባድ ዓይነት ይከላከላል እንጂ ከቲቢ ሁሉ አይደለም። ምርመራው ነፃ ካወጣት የመከላከያ መድኃኒት ይሰጣታል። በሳምንት አንድ ጊዜ ለ12 ሳምንት የሚወሰድም፣ በየቀኑ ለ3 ወር የሚወሰድም ዓይነት አለ፤ የሚስማማትን ባለሙያው ይመርጣል።

ጥያቄ፦ የጎረቤቴ ልጅ ኩፍኝ ወጥቶበታል። ትናንት የኔ የ7 ወር ልጅ እዚያ ቤት ነበረች። ክትባቷ ገና 9 ወር ሲሆናት ነው ተብያለሁ። (ከጎንደር)

መልስ፦ ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዷት። ለተጋለጠ ልጅ ክትባቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ከተሰጠ በሽታውን ሊያስቀር ወይም ሊያቀለው ይችላል፤ በወረርሽኝ ጊዜ ከ6 ወር ጀምሮ መስጠት ይቻላል። ይህ ግን እንደ ተጨማሪ ነው የሚቆጠረው፤ የ9 ወሩንና የ15 ወሩን ሁለቱንም በጊዜያቸው መከተብ አለባት።

ኩፍኝ ሽፍታው ከመውጣቱ 4 ቀን በፊት ጀምሮ እስከ 4 ቀን በኋላ ይተላለፋል፤ ቫይረሱ የታመመው ልጅ ከክፍሉ ከወጣ በኋላም እስከ 2 ሰዓት አየር ላይ ይቆያል። ስለዚህ «ጥየቃ» ልጅ ይዞ መሄድ ለጊዜው ይቅር፤ ምግቡን በር ላይ ማድረስ ይበቃል። ለጎረቤትዎም ይንገሯት፦ ልጁን ጨለማ ክፍል መዝጋት፣ ገላውን አለማጠብ፣ ምግብ መከልከል አያድነውም። የሚያስፈልገው ፈሳሽ፣ ምግብና ጤና ጣቢያ በተከታታይ ሁለት ቀን የሚሰጠው ቫይታሚን ኤ ነው። የተጨመቀ ቅጠልም የጡት ወተትም ዓይኑ ውስጥ አይግባ። አተነፋፈሱ ከፈጠነ ወይም መጥባትና መጠጣት ካቃተው ያን ሌሊት ማሳደር የለባትም።

ጥያቄ፦ ድግስና ልቅሶ ቤት እጅ መታጠቢያው ላይ ወረፋ ስለሚበዛ ሳኒታይዘር ይዤ እሄዳለሁ። ይበቃል? ነጭ ሽንኩርትና ፌጦስ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ሳኒታይዘሩ 60 በመቶና ከዚያ በላይ አልኮል ካለው ንጹሕ በሚመስል እጅ ላይ ይሠራል። ወጥ፣ ቅባት ወይም አፈር በነካ እጅ ላይ ግን ይደክማል፤ በአንዳንድ የተቅማጥ ቫይረሶች ላይም አቅሙ አነስተኛ ነው። በማስታጠቢያ ውሃ ማፍሰስ የቆየና ትክክለኛ ልማድ ነው፤ ሁሉም አንድ ሳፋ ውስጥ እጁን ከመንከር እጅግ ይሻላል። የሚጎድለው ሁለት ነገር ነው፦ ሳሙናው ብዙ ጊዜ አይቀርብም፣ ፎጣው ደግሞ ለመቶ ሰው አንድ ነው። ሳሙና ይዘው ይሂዱ፣ እጅዎንም አራግፈው ያድርቁ። ነጭ ሽንኩርቱና ፌጦው ለጣዕሙ ይበሉ።