«ኢንሴኪዩር»ን በአማርኛ ምን እንበለው?

ጥያቄ፦ ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ኮምፒውተር አሠለጥናለሁ። ለሠልጣኞቼ የ«ከርል»ን አጠቃቀም በአማርኛ እየጻፍኩ ነው፤ የድር አገልግሎትን በጽሑፍ ትእዛዝ የምንጠራበትን ፕሮግራም ማለቴ ነው። «ኢንሴኪዩር» የሚለውን አማራጭ «ደህንነት የሌለው» ብዬ ጻፍኩት። ሠልጣኞቹ ግን «ታዲያ መረጃው ሳይመሰጠር ነው የሚሄደው?» ይሉኛል። ምን ልበለው? የድር አገልግሎቱን ማንነት የሚያሳየውን ዲጂታል ሰነድ፣ «ሰርተፍኬት»ንስ ልተርጉመው?

መልስ፦ ሠልጣኞችዎ በትክክል አንብበዋል፤ ችግሩ ያለው ቃሉ ላይ ነው። «ደህንነት የሌለው» ሲባል ምኑ እንደጎደለ አይታወቅም። አድራሻው ኤችቲቲፒኤስ (መረጃን መስጥሮ የሚያስተላልፈው የድር ግንኙነት) እስከሆነ ድረስ ይህ አማራጭ ቢጨመርም መረጃው ተመስጥሮ ነው የሚሄደው። የሚታለፈው ማጣራቱ ነው። ከርል ሰርተፍኬቱን ማን እንደፈረመው፣ በላዩ ያለው ስምም ከአድራሻው ጋር መግጠሙን አያይም። መሃል የገባ ሰው የራሱን ሰርተፍኬት ቢያቀርብ ዝም ብሎ ይቀበለዋል። መልእክቱ ተቆልፏል፤ ማን እጅ እንደሚገባ ግን አይታወቅም።

ስለዚህ እኔ «ሳያጣራ» የሚለውን እመርጣለሁ። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን በውስጡ ይዞ ይሄዳል፤ ለእንዲህ ዓይነት ጽሑፍ ትልቅ ሀብት ነው። «ሳታጣራ» ካሉ ማጣራቱ የአንባቢው ሥራ ይመስላል። «ሳያጣራ» ሲሉ ግን ሥራውን የተወው ፕሮግራሙ መሆኑ በአንዲት ፊደል ይለያል። «ሳያጣሩ» የሚለው አክብሮትም እዚሁ ላይ ያሳስታል። እንዲህ ይጻፉት፦ «ይህ አማራጭ ሲጨመር ከርል የሰርቨሩን ሰርተፍኬት ሳያጣራ ይገናኛል።»

ከሥሩ «ለሙከራ ብቻ» የምትለውን እባክዎ አይርሱ። ለሙከራ የገባች አማራጭ ሳትወጣ ቀርታ እውነተኛ ሥራ ላይ ትገኛለች። መሥሪያ ቤቱ ሰርተፍኬቱን ራሱ የፈረመው ከሆነም መፍትሔው ማጣራትን መተው አይደለም፤ «ሲኤሰርት» በሚለው አማራጭ የፈራሚውን ሰርተፍኬት ፋይል መስጠት ነው። እሱን «የሚታመን ፈራሚ» ቢሉት ግልጽ ይሆናል።

«ሰርተፍኬት»ን አይንኩት። ሠልጣኙ ነገ ከባልደረቦቹ የሚሰማው ይህንኑ ነው። የፈረንሳይኛው «ላ ጋር» ከባቡሩ ጋር መጥቶ «ለገሃር» ሲሆን ማንም አልተቸገረም።

ከሰርተፍኬቱ ጋር የሚጣመረው «ፕራይቬት ኪ» ግን ጥሩ አማርኛ አለው፦ «የግል ቁልፍ»። «ምስጢራዊ ቁልፍ» እንዳይሉት። ሁለቱ ወገኖች ለመመስጠር የሚጋሩት ቁልፍም ምስጢር ስለሆነ ይምታታል። የግሉ ከባለቤቱ እጅ አይወጣም።