መልስ፦ የማርሽ ገመዱን ማስበየድ ይቻላል ወይ?

ወንድሜ፣ የኦቶማቲክ መኪናህ ማርሽ እጀታ ላልቶ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ መኪናው ግን ከፒ (ከማቆሚያው ቦታ) አይወጣም ብለሃል። እጀታውን ከካምቢዮው (ከማርሽ ሳጥኑ) ጋር የሚያገናኘውን ገመድ ከመግዛትህ በፊት ካምቢዮ በኩል ያለውን ጫፉን እይ። ሞተሩን አጥፋ፣ የእጅ ፍሬን ያዝ፣ ጎማዎቹን በታኮ አስደግፍ። ሌላ ሰው ቁልፉን ከፍቶ ፍሬን ረግጦ እጀታውን ሲያንቀሳቅስ የገመዱ ጫፍ ሄዶ የካምቢዮው ክንድ ካልተከተለው፣ አብዛኛውን ጊዜ የተሰበረው የጫፉ ፕላስቲክ ቡሽ (ገመዱን ከክንዱ ጋር የሚያያዘው ቀለበት) ነው። ቡሹ ለብቻው ከተገኘ እሱን መቀየር ይበቃል። ጫፉ ጭራሽ ካልተንቀሳቀሰ ግን ገመዱ ውስጡን ተበጥሷል፣ ወይም እጀታው ሥር ወልቋል።

ብየዳውን እባክህ ተወው። ይህ ገመድ ይጎትታል ብቻ ሳይሆን ይገፋልም፤ የተቀጠለው ቦታ ሲገፋ ይታጠፋል። ያኔ እጀታው ፒ ላይ ሆኖ ካምቢዮው ዲ (ወደፊት መሄጃው) ላይ ሊቀር ይችላል፤ ሰው የሚገጨው እንዲህ ነው።

አዲሱን ገመድ በአሮጌው መንገድ አሳልፈው፤ ከጭስ ማውጫው አርቀው፣ ሙቀቱ ሽፋኑን ያቀልጠዋል። የገመዱን ርዝመት ማስተካከያ ስትቆልፍ እጀታውም ክንዱም የመኪናው መመሪያ በሚያዘው አንድ ቦታ ላይ ይሁኑ። ከዚያ ፍሬን ረግጠህ ፈትሽ፦ ሞተሩ በፒና በኤን (ማርሽ በሌለበት ቦታ) ብቻ መነሳት፣ አር ላይ የሪቨርስ መብራቱ መብራት አለበት። በዲ ከተነሳ ማስተካከያውን ፈትተህ ድገመው።