ከባንክ ወደ ክሪፕቶ፦ ልልቀቅ ወይስ ልቆይ?

ጥያቄ፦ ሰንጋ ተራ አካባቢ በሚገኝ ባንክ በሒሳብ ማስታረቅ ሥራ 9 ዓመት አገልግያለሁ። አንድ የውጭ አገር የክሪፕቶ (የዲጂታል ገንዘብ) መገበያያ ድርጅት፣ ከቤቴ ሆኜ አጠራጣሪ ዝውውሮችን እንድመረምር ጠይቆኛል፤ ደመወዙን ቢትኮይን በተባለው ክሪፕቶ እከፍላለሁ ይላል። ባለቤቴ «የባንክ እንጀራ አይናቅም» ትላለች። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሙያዎ በአዲሱ መስክ ከሚያስቡት በላይ ተፈላጊ ነው። ኤፍቲኤክስ የተባለው የክሪፕቶ መገበያያ በኅዳር 2015 ዓ.ም. የከሰረው ዝውውሮች የሚመዘገቡበት የብሎክቼይን ቴክኖሎጂ ስለተበላሸ ሳይሆን፣ የደንበኞች ገንዘብ ለእህት ኩባንያው ንግድ በመዋሉ ነበር፤ ማታ ካዝናው ካልተመጣጠነ ወደ ቤት መሄድ በማይፈቀድበት ቅርንጫፍ ላደገ ሰው ይህ ዓይነቱ ጉድለት እንግዳ አይደለም። የቢትኮይን ዝውውር ደግሞ ለማንም ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ስለሚሰፍር፣ ዱካውን መከተል ለአስታራቂ ዓይን የሚከብድ አይሆንም። የሚጎድልዎትን የቴክኒክ ዕውቀት ከሥራ ሰዓት ውጭ መማር ይቻላል።

እኛን የሚያሳስበን ደመወዙ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ማሳሰቢያ፣ በአገሪቱ ሕጋዊው የመገበያያ ገንዘብ ብር መሆኑንና በክሪፕቶ ክፍያ መፈጸም ሕገ ወጥ መሆኑን አስታውቋል። ስለዚህ ድርጅቱ በውጭ ምንዛሪ፣ በባንክ በኩል እንዲከፍልዎ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ የት አገር እንደተመዘገበና ማን ፈቃድ እንደሰጠውም ያጣሩ። ግብሩንና ጡረታውን ከእንግዲህ የሚያስብልዎ ቀጣሪ እንደማይኖር አይዘንጉ፤ ባለቤትዎም ምናልባት ያሰቡት ይህንኑ ይሆናል። ውሉ ተፈርሞ እጅዎ እስኪገባ ድረስ የመልቀቂያ ደብዳቤውን አያስገቡ።