ዲኤቲ (የዴንታል ስኩል መግቢያ ፈተና) ለምትፈተኑ ልጆች፣ ስህተታችሁን ቁጭ ብላችሁ እዩት

ሰላም ልጆች እንዴት ናችሁ። ባለፈው ቅዳሜ አንዲት ልጅ ከናቷ ጋር ክሊኒክ መጥታ ነበር፣ የናቷን ጥርስ ጨርሼ ልሸኛቸው ስል በሩ ላይ ቆም አለችና "ጋሼ እኔም ዴንታል ስኩል መግባት ነው የምፈልገው፣ ዲኤቲ ኦገስት ላይ ልፈተን ነው፣ ምን ላንብብ?" አለችኝ። እስካሁን ስንት ፕራክቲስ ቴስት ሠራሽ አልኳት፣ ሰባት አለች። ከሰባቱ ውስጥ የተሳሳትሽውን ቁጭ ብለሽ ያየሽው የስንቱን ነው ስላት ዝም አለች። ያን ዝምታ አውቀዋለሁ፣ እኔም በሷ ዕድሜ እንደዛው ነበርኩ፣ እና ማታ ቤት ገብቼም ከአእምሮዬ አልወጣ ስላለኝ ነው ለሷም ለእናንተም ይሄን የምጽፈው።

እኔ አሜሪካ የገባሁት በ1989 ነው። ዲሲ ዳውንታውን ፓርኪንግ ቤት እየሠራሁ፣ ማታ ኮሌጅ እየተማርኩ፣ መኪና በማይገባበት ሰዓት ቡዙ ውስጥ ካርድ ላይ የጻፍኩትን ባዮሎጂ እየሸመደድኩ ነው ለዲኤቲ የተዘጋጀሁት። ያኔ ፈተናው በወረቀት ነበር፣ በዓመት ሁለቴ ብቻ ኤፕሪልና ኦክቶበር ላይ ይሰጣል፣ አንዱ ካመለጠህ ስድስት ወር ትጠብቃለህ። ኤፕሪል 1995 ገብቼ ተፈተንኩ። ሳይንሱን ጥሩ ሠራሁ መሰለኝ፣ ከዛ ቀጥሎ የተጣጠፈ ወረቀትና የተደራረበ ኪዩብ ሥዕል ፊቴ መጣ፣ እንደዛ ዓይነት ጥያቄ እንዳለ ሰምቼ ነበር ግን ተቀምጬ ተለማምጄው አላውቅም፣ ብዕር የያዘው እጄ ላብ በላብ ሆነ። ሪዲንጉ ላይ ደግሞ ያንን ሁሉ ጽሑፍ በልቤ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ሳነብ ሦስተኛው ፓሴጅ ላይ ሳልደርስ ሰዓቱ አለቀ። በዛ ዓመት ያመለከትኩባቸው ትምህርት ቤቶች ሁሉም አይሆንም አሉኝ።

አገር ቤት ስንማር በሽምደዳ ነው የተማርነው፣ ይሄን ለማጣጣል አይደለም፣ ያ ሽምደዳ ብዙ ነገር እስከ ዛሬ እንዳልረሳ አድርጎኛል። ግን ሽምደዳ አንድ መጥፎ ጎን አለው፣ ስትወድቅ ያለህ መልስ "አልበቃኝም፣ እንደገና ላንብብ" ብቻ ይሆናል። እኔም መጀመሪያ ያደረግሁት እሱን ነው፣ ያንኑ መጽሐፍ ከገጽ አንድ ጀመርኩ። ከዛ አብሮኝ የሚሠራ አንድ ትልቅ ሰው፣ አገር ቤት ሒሳብ አስተማሪ የነበረ፣ ናሙና ፈተናዬን ተቀብሎኝ አየና "የትኛውን ነው ያላወቅከው? የትኛውንስ ነው እያወቅክ የሳትከው?" አለኝ። መለየት አልቻልኩም። ባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛሁና እያንዳንዱን የሳትኩትን ጥያቄ መጻፍ ጀመርኩ፣ ለምን እንደሳትኩት በራሴ ቃል በአማርኛ አንድ መስመር። አንዳንዱ ትምህርቱን ጭራሽ የማላውቀው ነው፣ አንዳንዱ የማውቀው ግን የቸኮልኩበት፣ አንዳንዱ ደግሞ "የትኛው አይደለም" የሚለውን ቃል ዘልዬ ያነበብኩት። አንድ ወር ካለፈ በኋላ ስቆጥረው ከግማሽ በላዩ የማውቀው ነበር። ማለት እኔ ያንን መጽሐፍ አስር ጊዜ ባነበውም እነዛን ጥያቄዎች አላገኛቸውም ነበር፣ ችግሩ መጽሐፉ ውስጥ አልነበረማ።

ስለዚህ ልጆች የምለምናችሁ ይሄን ነው። አንድ ሙሉ ፕራክቲስ ቴስት የሠራችሁ ቀን ስኮሩን አይታችሁ ለጓደኛ ቴክስት አድርጋችሁ እንዳትዘጉት። በማግስቱ ፈተናውን ከሠራችሁበት ሰዓት የማያንስ ጊዜ ስጡት፣ የሳታችሁትን ብቻ ሳይሆን ገምታችሁ ያገኛችሁትንም ጭምር፣ እሱ'ኮ ያላወቃችሁት ነው። በሳምንት ሦስት ቴስት እየሠራ አንዱንም ከማያይ ልጅ በሳምንት አንድ ሠርቶ ለየመልሱ ምክንያቱን የሚያውቅ ልጅ ይበልጥብኛል።

አሁን ፈተናው በኮምፒውተር ነው፣ ፕሮሜትሪክ የሚባል የፈተና ማዕከል ሄዳችሁ የምትወስዱት፣ የሚያዘጋጀው የአሜሪካ የጥርስ ሐኪሞች ማኅበር ነው። መጀመሪያ ሳይንስ ይመጣል፣ 100 ጥያቄ በ90 ደቂቃ፣ 40ው ባዮሎጂ 30ው ጄኔራል ኬሚስትሪ 30ው ኦርጋኒክ። ከዛ ፓት የምንለው፣ ቅርጽን በአእምሮ የማየት ችሎታ የሚለካው ክፍል፣ 90 ጥያቄ በ60 ደቂቃ፣ ከዛ ከፈለጋችሁ የ30 ደቂቃ ዕረፍት፣ ከዛ ሪዲንግ ሦስት ፓሴጅ 50 ጥያቄ በ60 ደቂቃ፣ መጨረሻ ላይ ሒሳብ 40 ጥያቄ በ45 ደቂቃ። ፊዚክስ የለም። ስኮሩ ድሮ ከ1 እስከ 30 ነበር፣ ከማርች 2025 ጀምሮ ግን ከ200 እስከ 600 ሆኗል፣ ስለዚህ ታላቅ ወንድማችሁ "እኔ 21 ነው ያመጣሁት" ቢላችሁ ከናንተ ቁጥር ጋር አታወዳድሩት።

እስቲ ሒሳቡን አስሉት፣ ሳይንሱ ላይ ለአንድ ጥያቄ 54 ሰከንድ ነው ያላችሁ፣ ፓቱ ላይ 40 ሰከንድ። በ40 ሰከንድ ውስጥ "ቆይ ላስብበት" የሚባል ነገር የለም። አንዱ ጥያቄ ከያዛችሁ ምልክት አድርጋችሁ እለፉት፣ በስህተት የሚቀነስ ነጥብ ስለሌለ አንድም ጥያቄ ባዶ እንዳትተዉ፣ ግን እሱም ልምምድ ይፈልጋል፣ ጎበዝ ተማሪ ሆኖ ያደገ ልጅ ጥያቄ ጥሎ ማለፍ ያመዋል። እኔ ሁለተኛው ጊዜ ላይ ከሁሉ የከበደኝ እሱ ነበር።

ፓቱ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የኛ ልጆች በጣም የሚደነግጡበት እሱ ነው። ስድስት ዓይነት ጥያቄ አለው፣ ከየዓይነቱ 15። አንዱ ቅርጹ በየትኛው ቀዳዳ ያልፋል ይላል፣ አንዱ ከላይና ከፊት የታየን ነገር ከጎን ሲታይ ምን ይመስላል፣ አንዱ አራት አንግል ሰጥቶ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩ፣ አንዱ ወረቀት ታጥፎ ተበስቶ ሲዘረጋ ቀዳዳዎቹ የት ይሆናሉ፣ አንዱ ተደራርበው ውጫቸው የተቀባ ኪዩቦች ስንት ስንት ጎናቸው እንደተቀባ ማስቆጠር፣ የመጨረሻው የተዘረጋ ካርቶን ሲታጠፍ የትኛውን ቅርጽ ይሠራል። ብዙ ልጅ "ይሄ ተሰጥኦ ነው፣ እኔ የለኝም" ይለኛል። አይደለም፣ እኔ ምስክር ነኝ። የሻይ ቅጠል ካርቶን ገነጣጥዬ እየዘረጋሁ መልሼ እያጠፍኩ ነው የተማርኩት፣ ወረቀት አጥፌ በእስኪብርቶ እየበሳሁ። ለሁለት ሳምንት ምንም ለውጥ አላየሁም፣ ሦስተኛው ሳምንት ላይ ካርቶኑን ሳልነካ በአእምሮዬ ማጠፍ ጀመርኩ። ኪዩቡ ላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ሥዕል መጀመሪያ ሰንጠረዥ ሥሩ፣ ከዜሮ እስከ አምስት፣ ስንት ጎኑ የተቀባ ስንት ኪዩብ እንዳለ አንዴ ቁጠሩና ጥያቄዎቹን ከሰንጠረዡ ላይ መልሱ፣ ለየጥያቄው እንደ አዲስ ስትቆጥሩ ነው ጊዜው የሚያልቀው፣ ከሥር ተደብቆ ሌላውን የተሸከመውን ኪዩብም አትርሱት። አንግሉ ላይ አታፍጡ፣ ባፈጠጣችሁ ቁጥር ሁሉም እኩል እየመሰለ ይመጣል። ዋናው ነገር በየቀኑ 20 ደቂቃ መሥራት ነው፣ ቅዳሜ አራት ሰዓት ሠርቶ ሳምንቱን መርሳት አይሠራም፣ ዓይን እንደ ጡንቻ ነው።

ደሞ ፓት ከአካዳሚክ አቬሬጁ፣ ማለት ከሌሎቹ ክፍሎች አማካይ ውጤት ውስጥ ስለማይደመር ችላ የሚሉት አሉ፣ ተዉ፣ ትምህርት ቤቶቹ ለብቻው ያዩታል። እኔ ዛሬም ላይኛው መንጋጋ የኋላ ጥርስ ላይ ስሠራ ጥርሱን የማየው በትንሿ መስታወት ውስጥ ነው፣ እጄ ግን የሚሄደው በተቃራኒው ነው። ኤክስሬይ ሳይ ጠፍጣፋ ሥዕል ነው የማየው፣ ሥሩ ግን ወደየት እንደዞረ በአእምሮዬ መሳል አለብኝ። ድሮ ድሮ ይሄ ፈተና ጠመኔ ቀርጻችሁ አሳዩ የሚል ክፍል ነበረው፣ ኋላ ላይ ነው ፓት የተካው። ሥራው እንዲህ ስለሆነ ነው የሚጠይቋችሁ፣ ሊያስቸግሯችሁ ብለው አይደለም።

ሪዲንጉን በሚመለከት በተለይ ዘጠነኛ ክፍል አሥረኛ ክፍል ደርሳችሁ ከአገር ቤት የመጣችሁትን ነው የማናግረው። እዚህ የተወለዱት ጓደኞቻችሁ "ሪዲንግ ምንም አያስፈልገውም ዝም ብለህ ግባ" ይሏችኋል፣ ለነሱ እውነት ሊሆን ይችላል። እናንተ ግን ከአራት አምስት ወር በፊት ጀምሩ፣ በየቀኑ አንድ ረዘም ያለ የሳይንስ ጽሑፍ፣ ሳታቋርጡ ዲክሽነሪ ሳትከፍቱ እስከ መጨረሻው፣ ከዛ ምን እንዳለ ለራሳችሁ በቃል ንገሩ። መጀመሪያ ሰሞን በእንግሊዝኛ አንብባችሁ በአማርኛ ብትነግሩ ችግር የለውም፣ እያደር ግን በእንግሊዝኛው እዛው ማሰብ ልመዱ፣ እኔን የበላኝ ያ የመተርጎሙ ጊዜ ነው። ለአንድ ፓሴጅ 20 ደቂቃ ነው ያላችሁ።

ሒሳቡ ላይ ብዙ አልልም፣ አብዛኛው የሃይስኩል ነው፣ ስክሪን ላይ ካልኩሌተር አለ፣ መጨረሻ ላይ ደክሟችሁ ስለሚመጣ ግን ሁልጊዜ ደክሟችሁ ተለማመዱት።

አሁን ደግሞ ስለ ቤት። የኛ ቤት ውስጥ ፈተና የአንድ ሰው ጉዳይ አይደለም፣ እናት ታውቃለች፣ አክስት ታውቃለች፣ ቤተ ክርስቲያን ያሉት ሁሉ ያውቃሉ፣ በየሳምንቱ "ፈተናው መቼ ነው?" ይላሉ። ከፍቅር ነው። ግን ስንት ልጅ አየሁ ያንን ጥያቄ ለማስቆም ብሎ ሳይዘጋጅ ቀን የቆረጠ። ቀኑን መወሰን ያለበት ስኮራችሁ ነው፣ ሙሉውን ቴስት በሰዓቱ ሠርታችሁ ሦስት ጊዜ በተከታታይ የምትፈልጉትን ስታመጡ። ካልሆነ ቀኑን አዘዋውሩት፣ ትንሽ ብር ያስወጣችኋል ግን ከወደቃችሁ 60 ቀን መጠበቅ አለባችሁ፣ የመጀመሪያው ውጤትም አብሮ ለትምህርት ቤቶቹ ይሄዳል። ማመልከቻው ጁን መጀመሪያ አካባቢ ነው መላክ የሚጀመረው፣ ብዙዎቹ ትምህርት ቤቶች ደግሞ እንደደረሳቸው እያዩ ነው የሚጠሩት፣ ስለዚህ ኦገስት ላይ ወድቆ ኦክቶበር ላይ መድገም በዛ ዓመት ወረፋው መጨረሻ ላይ መቆም ነው። ኦገስት እፈተናለሁ ላለችኝ ልጅም ይሄንኑ ነው የነገርኳት፣ ለመጪው ስፕሪንግ ብታደርጊው ምን ይጎድልብሻል አልኳት፣ እናቷ ትንሽ ከፋቸው መሰለኝ።

ሥራ የምትሠሩ ልጆች፣ ኡበር የምትነዱ፣ ስቶር የምትቆሙ፣ ኢንተርኔት ላይ "በስምንት ሳምንት ጨረስኩ" የሚለውን አትመልከቱ፣ ያ ልጅ ሰመሩን ሙሉ ሌላ ሥራ የለውም። ለናንተ አምስት ስድስት ወር ነው። ቤተሰብ ሰብስባችሁ በግልጽ ንገሩ፣ እስከዚህ ቀን ድረስ ሰርግም ክርስትናም አልመጣም፣ ለቅሶ ብቻ እመጣለሁ በሉ። ይገባቸዋል፣ ከነገራችኋቸው። የገንዘብ ነገር ከሆነ የሚከብዳችሁ፣ የፈተናው ክፍያ ከ500 ዶላር በላይ ነው፣ ግማሹን የሚሸፍን ፊ ዌቨር አለ፣ ቁጥሩ የተወሰነ ስለሆነ ዓመቱ እንደገባ ጃንዋሪ ላይ ጠይቁ። ሩቅ መሄድ የማትችሉ የዲኤምቪ (የዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) ልጆችም አይዟችሁ፣ ሃዋርድ ከ1881 ጀምሮ እዚችው ዲሲ የጥርስ ሐኪም ሲያስተምር የኖረ ነው፣ ባልቲሞር ያለው የሜሪላንድ ዴንታል ስኩል ደግሞ በ1840 የተከፈተ፣ በዓለም የመጀመሪያው የጥርስ ህክምና ኮሌጅ ነው። አባቶቻችሁ በታክሲ ስንቴ በደጁ አልፈዋል።

ስትለማመዱ እንደ ፈተናው ቀን አድርጋችሁ ይሁን። ጠዋት ከሆነ ጠዋት፣ ስልክ ሌላ ክፍል፣ እዛ ወረቀትና እርሳስ ስለማይሰጣችሁ ቤትም በፕላስቲክ ሰሌዳና በማርከር ሥሩ፣ ማርከር ላይ ጽሑፍ እንደሚወፍርና ቦታ እንደሚያልቅ ካሁኑ ልመዱት። ቀናችሁ ሁዳዴ ወይ ረመዳን ውስጥ ከወደቀ እየጾማችሁ ቢያንስ ሁለት ሙሉ ቴስት ሥሩ፣ አምስት ሰዓት ያህል ሳትበሉ ሳትጠጡ መቀመጥ ምን እንደሚመስል ሰውነታችሁ ይወቀው፣ ካልቻላችሁ ቀኑን ቀይሩ ወይ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ትንሽ ይመስላል ግን የኛን ልጅ ብቻ የሚያገኘው ነው። ስማችን ነው። ፓስፖርት ላይ የአያት ስም ላስት ኔም ሆኖ፣ መንጃ ፈቃድ ላይ የአባት ስም፣ አንዱ ጋ በአንድ ኤስ ሌላው ጋ በሁለት ኤስ። የማውቀው ልጅ ስድስት ወር ተዘጋጅቶ ፕሮሜትሪክ በር ላይ ስሙ ከተመዘገበበት ጋር አልገጠመም ተብሎ ተመልሷል፣ ያን ቀን ማታ እናቱ እያለቀሱ ነው የደወሉልኝ። ፊርማ ያለበት ፎቶ ያለው የመንግሥት መታወቂያና ሁለተኛ ፊርማ ያለበት ሌላ መታወቂያ ያስፈልጋችኋል። ዴንትፒን የሚባለውን የመመዝገቢያ ቁጥር ስታወጡ የጻፋችሁትን ስም ከመንጃ ፈቃዳችሁ ጎን አስቀምጡና ፊደል በፊደል አስተያዩት፣ ካልገጠመ ማስተካከያው ቀናት ስለሚወስድ ገና ቀን ሳትቆርጡ አስተካክሉት።