በበዓለ ሃምሳ የጾመችው ልጅ

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምጽፍልዎት ከባሕር ዳር ነው። የ17 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት መጾም ስትጀምር ደስ ብሎኝ ነበር። ፋሲካ ሲደርስ ዶሮውን ራሷ ሠርታ ለሁላችን አቀረበች፤ እርሷ ግን «ሆዴን አሞኛል» ብላ አልቀመሰችም። በበዓለ ሃምሳም ጾሟን ቀጠለች። ከዚያ ወዲህ አንድ ቀን ጨጓራ፣ አንድ ቀን ስእለት እያለች በቀን አንዴ ጎመን ትቀምሳለች። በዚህ ሙቀት ሹራብ ደርባ ትውላለች። የወር አበባዋ ከቀረ አራት ወር ሆኖታል። በትምህርቷ ግን አሁንም አንደኛ ናት። ጎረቤት «ቡዳ ነው» ቢለኝ ጠበል ወሰድኋት። አባቷ ይቆጣታል፤ እኔ እያለቀስሁ ላጉርሳት ስል ፊቷን ታዞራለች። በግድ ላብላት? ወይስ ራሷ እስክትፈልግ ልተዋት? ጥፋቱስ የእኔ ይሆን? የ9 ዓመት ወንድሟ «እህቴ ልትሞት ነው?» ይለኛል። ምን ልበለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። ሁለቱንም ጊዜ ዓይኔ የቆመው በበዓለ ሃምሳ ላይ ነው። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም። ቤተ ክርስቲያን «ብሉ» በምትልበት ወራት የምትጾም ልጅ ትእዛዙ የመጣላት ከሌላ ቦታ ነው። ጾሙ በዐቢይ ጾም መጠለያ ሆናት፤ ፋሲካ ሲመጣ መጠለያው ተነሣ፤ ሕመሙ ግን ባለበት ቀረ።

ሐኪም አይቶ ያረጋግጠው እንጂ የጻፉልኝ ሁሉ አኖሬክሲያ ነርቮዛ የሚባለውን ሕመም ይመስላል። ልጅዎ አይርባትም ማለት አይደለም። ይርባታል፤ ከረሃቡ የሚበረታባት ግን የመወፈር ፍርሃት ነው። «የዘመኑ ልጆች ቅንጦት» የሚልዎት ሰው ካለ፣ ሐኪሞቹ ዊልያም ጋል ለንደን ላይ፣ ሻርል ላሴግ ፓሪስ ላይ ይህን ሕመም በየፊናቸው የገለጹት በ1873 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ይንገሩልኝ።

ያ የፋሲካ ዶሮ ደግሞ እንዳያሳዝንዎት። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሊያበቃ ሲል፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወንዶች በፈቃዳቸው ለስድስት ወር ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀንሶ ተጠንተው ነበር። በረዳቸው፣ ተነጫነጩ፣ ከሰው ራቁ። ከምግብ በቀር ሌላ ሐሳብ አልነበራቸውም፤ አንዳንዶቹ የወጥ አሠራር መጽሐፍ ይሰበስቡ ጀመር። የተራበ አእምሮ ይህን ያደርጋል። ልጅዎ አሥራ ሁለት ብልት ስታወጣ፣ ቁሌቱን ስታበስል፣ ለእናንተ ስታቀርብ የነበረው ረሃቧ ነው።

እኔ 26 ዓመት በነርስነት ሠርቻለሁ፤ ይህን ያስተማረችኝ ግን ታናሽ እህቴ ናት። አብረን ከአንድ ትሪ እንበላ ነበር። እጇ ይሄዳል፣ ይመለሳል። እንጀራውን ትቆርሳለች፣ ወጡን ታጠቅሳለች፣ የጠቀለለችውን ለትንሹ ወንድማችን ታጎርሳለች፤ ቀሪውን ቀስ አድርጋ ወደ አባታችን ፊት ትገፋለች። ስምንት ወር ሙሉ ዓይናችን እያየ አልበላችም፤ እኔ ነርሷን ጨምሮ ማናችንም አላየንም። የወሰድናት ክሊኒክ ታይፎይድ ነው አለ፤ ቀጥሎ ጨጓራ ነው አለ። መድኃኒቱን በእጄ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል።

ስለዚህ አሁን የምልዎትን ነገ ሳይሉ ያድርጉት። ከማንኛውም የማብላት ሙከራ በፊት ወደ ፈለገ ሕይወት ወይም ወደ ጥበበ ጊዮን ሆስፒታል ይውሰዷት። የወር አበባዋ መቅረቱን፣ ምን ያህል ጊዜ እንዳልበላች ለሐኪሙ እርስዎ ይናገሩ፤ እርሷ «ደኅና ነኝ» ማለቷ አይቀርም። የልብ ምቷ ተኝታም ቆማም ይለካ፤ የደም ግፊቷም እንዲሁ። የደም ስኳር፣ በደም ውስጥ ያሉት ፖታስየምና ፎስፌት የሚባሉ ማዕድናት፣ እንዲሁም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ (ኢሲጂ) ይጠይቁ። የእርግዝና ምርመራም ቢያዝዙላት አይቆጡ፤ የወር አበባ ለቀረባት ልጅ ሁሉ የሚታዘዝ ነው። ራሷን ከሳተች፣ ደረቷን ከወጋት ወይም ነቅታ እያለች የልብ ምቷ በደቂቃ ከ50 በታች ከሆነ ግን ቀጠሮ አይጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

ሐኪም ይቅደም የምለው በሌላም ምክንያት ነው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት በአንድ ጊዜ ብዙ ምግብ ሲገባበት በደሙ ውስጥ ያለው ፎስፌት በድንገት ይወርዳልና ልብን ሊያቆም ይችላል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ከእስር ካምፕ የወጡ ብዙ ሰዎች ምግብ ባገኙ በጥቂት ቀን ውስጥ ሞተዋል። መጠኑን፣ አጨማመሩንና ሆስፒታል መተኛት ያስፈልጋት እንደሆነ ሐኪሙ ይወስን። የአእምሮ ሐኪምም ይያት። ይህን ሲሰሙ አይደንግጡ፤ «አበደች» ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄዎ። በግድ አያብሏት፤ እስክትፈልግም አይጠብቁ። ፍላጎቱ የሚመለሰው ሰውነቷ ከጠገበ በኋላ ነው። እህቴን ያዳናት ሐኪም ለእናቴ «ምግቡ መድኃኒቷ ነው፤ መድኃኒት ደግሞ በሰዓቱ ይሰጣል እንጂ ይፈለግ እንደሆነ አይጠየቅም» ብሏት ነበር። ለጊዜው ከጋራ ትሪው ትውጣ። የራሷ ሳህን ይኑራት፤ ምን ያህል እንደሚቀርብላት እርስዎ ይወስኑ፤ በቀን አምስት ጊዜ ትንሽ ትንሽ፣ ሐኪሙ ባለው ልክ። አጠገቧ ተቀምጠው እርስዎም ይብሉ። «ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ እዚሁ ነኝ» ይበሉና ዝም ይበሉ። አንድ ሰዓት ቢፈጅም ይቀመጡ።

ጉርሻውን ይተዉት። ለእኛ ፍቅር ነው፤ ለእርሷ ግን መጠኑን የማታውቀው፣ እምቢ ካለችም እናቷን የምታስከፋበት ጉርሻ ነው። ፊቷን ስታዞር ከእርስዎ አልዞረችም።

ከበላች በኋላ ደግሞ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ብቻዋን አትሁን። ያን ጊዜ ፍርሃቱ ይብስባታል፤ ተነሥቶ ሽንት ቤት ገብቶ ማስመለስም ሊኖር ይችላል። ማስመለስ ፖታስየምን ያወርዳል፤ ልብን የሚያሰጋውም እርሱ ነው። እኔና እህቴ በዚያ ግማሽ ሰዓት ምስር እንለቅም ነበር። ሰፌዱን በመካከላችን አድርገን ጠጠሩን በአንድ በኩል፣ ንጹሑን በሌላ በኩል። እጇ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ምስሩ ይበተናል፤ እንደገና እንሰበስባለን። ስለ ምግብ አንነጋገርም። አንዳንድ ቀን የተለቀመውን ምስር መልሼ ከጠጠሩ ጋር እቀላቅለው ነበር፤ ግማሽ ሰዓቱ ገና ስላልሞላ።

አባቷ መቆጣታቸው ከፍርሃት ነው። ቁጣውን ትተው ሥራ ይያዙ፤ ቁርሱን እርሳቸው አጠገቧ ይቀመጡ። ሁለታችሁ አንድ ቃል መናገር አለባችሁ፤ አንዱ «ይህን ጨርሺ» ሲል ሌላው «በቃ ተዋት» ካለ ሕመሙ በመካከላችሁ መንገድ ያገኛል። ዘመዶችንም አስቀድመው ያስጠንቅቁ። ስለ አካሏ ማንም ምንም አይበል፤ «ከሳሽ» ብቻ ሳይሆን «አማረብሽ»ም ይቅር። እህቴ ማገገም በጀመረች በሦስተኛው ወር አክስታችን ከልቧ ደስ ብሏት «እሰይ፣ ጉንጭሽ ሞላ!» አለቻት። ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም።

ጠበሉን አልከለክልዎትም። ሐኪሙ ሳይፈቅድ ግን በዚህ አቅሟ በባዶ ሆድ ረጅም ሰዓት ቆማ አትጠመቅ። የንስሐ አባቷን ያነጋግሩ፤ የታመመ ሰው ከጾም እንደሚፈታ እርሳቸው ያውቃሉ። የእኛ ንስሐ አባት ቤታችን መጥተው እህቴን «ልጄ፣ እስክትድኚ ድረስ ጾም የለብሽም፤ ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ» አሏት። ከዚያ ቀን ወዲህ ጾምን ምክንያት አላደረገችም።

ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ይህ ሕመም ከተፈጥሮም፣ ከዘርም፣ ከአካባቢም ተውጣጥቶ የሚመጣ ነው፤ አንዲት እናት በተናገረችው ወይም ባበሰለችው አይፈጠርም። ዛሬ ለልጆች ከሚመከሩት ሕክምናዎች ዋነኛው ለንደን በሚገኘው ማውድስሊ ሆስፒታል በ1980ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጀመረ ሲሆን፣ የሚጀምረውም ወላጆችን «ጥፋተኛ አይደላችሁም፤ የምታድኗት ግን እናንተ ናችሁ» በማለት ነው። ሥራው የወራት ነው፤ ወደ ኋላ የምትመለስባቸው ሳምንታትም ይኖራሉ። እህቴ ሁለት ዓመት ፈጅቶባታል። አሁን የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ከእኛ ጋር ከአንድ ትሪ ትበላለች፤ እኔም እጇን መከተል ትቻለሁ።

ለትንሹ ልጅዎ እውነቱን በልኩ ይንገሩት። ሕመሙ ሕይወት የሚያጠፋ ነውና «ምንም አልሆነችም» ብለው አያታልሉት፤ ቶሎ የታከሙ ልጆች የመዳን ዕድላቸው ሰፊ ነውና አያስፈራሩትም። «እህትህ ታማለች። ሕመሟ ምግብ እንድትፈራ አድርጓታል። እንድትድን ሐኪም ዘንድ እየወሰድናት ነው። አንተ አላሳመምሃትም፤ ብይ ብለህ መለመንም የአንተ ሥራ አይደለም» ይበሉት። ከምሳ በኋላ ግን ገበጣውን ይዞ ይምጣ። ያ ግማሽ ሰዓት የእርሱ ይሁን።