ካቶሊክ ሰርግ ላይ ሚዜ ለሆንሽው እህት

"ኦርቶዶክስ ነኝ፣ ሐዋሳ ካቶሊክ ጓደኛዬን ልሚዛት ነው፣ ምን ይገጥመኛል፣ ቁረቢ ቢሉኝስ" ላልሽው እህቴ፣ እኔም ኦርቶዶክስ ነኝ፣ አምና እዚሁ ሐዋሳ አብሮ አደጌ ሲያገባ አንደኛ ሚዜ ነበርኩ።

መጀመሪያ ጫማ! እኔ እንደለመድኩት በር ላይ አውልቄ ገባሁ፣ ዞር ስል ሁሉም እንደተጫማ ነው፣ ካልሲዬ ደሞ አውራ ጣቴ ጋ ተቀዷል፣ ቪዲዮው በተከፈተ ቁጥር ይስቁብኛል። ሐዋሳ ያሉት ካቶሊኮች የላቲን (የሮም) ስርዓት ነው የሚከተሉት፣ ወንድና ሴት ተቀላቅሎ አግዳሚ ላይ ይቀመጣል። (አዲስ አበባና ሰሜን ግን በግእዝ ስርዓት የሚቀድሱ ካቶሊኮች አሉ፣ ከኛ ጋር ይቀራረባል፣ እዛ ከሆነ ይሄን ሁሉ እርሺው።)

ንባብ፣ ወንጌል፣ ስብከት አለ፣ ጋብቻው ከስብከቱ በኋላ ነው። አባ ሶስት ነገር ይጠይቃሉ፦ ሳትገደዱ በፈቃዳችሁ ነው የመጣችሁት፣ እድሜ ልካችሁን ልትዋደዱና ልትከባበሩ ዝግጁ ናችሁ፣ ልጆችንስ ከእግዚአብሔር ትቀበላላችሁ። ከዛ ቀኝ እጃቸውን ተያይዘው ቃል ይገባሉ። እኔን የገረመኝ ልምምድ ላይ አባ የነገሩን ነው፣ በነሱ ስርዓት የጋብቻውን ምስጢር የሚፈጽሙት ሙሽሮቹ ራሳቸው ናቸው፣ ካህኑ ቃላቸውን በቤተክርስቲያን ስም ይቀበላሉ። ስለዚህ ቃሉ መሰማት አለበት፣ አብሮ አደጌ ሰርግ ላይ የሙሽራው አክስት እልልታውን ቶሎ ለቀቁትና የሙሽሪት ድምፅ ተዋጠ፣ አባ ፈገግ ብለው እንደገና አስባሏት። ስለዚህ እናቶቹ አጠገብ ከሆንሽ ቀስ ብለሽ ያዝ አድርጊያቸው፣ ከቃሉ በኋላ እንደልባቸው ነው። አክሊል አይደፉም፣ ቀለበት ግን ተባርኮ ይደረጋል፣ ቀለበቱን የምትይዢው አንቺ ከሆንሽ ከቦርሳ ውስጥ ቀድመሽ አውጪው በናትሽ።

ቁርባኑን አትጨነቂበት። ሰው ሲሰለፍ አንቺ ቁጭ በይ፣ የኛም ቤተክርስቲያን እዛ እንድንቆርብ አትፈቅድም፣ እነሱም ይሄን ያውቃሉ፣ ማንም ቀና ብሎ አያይሽም። ሲንበረከኩ ዝም ብለሽ ብትቆሚ ወይ ብትቀመጪ ችግር የለውም። አንዱ ወገን ካቶሊክ ካልሆነ ደሞ ብዙ ጊዜ ያለ ቅዳሴ ነው የሚደረገው፣ ያጥራል፣ ከቅዳሴ ጋር የነበረው የአብሮ አደጌ ሰርግ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ፈጀ።

መጨረሻ ላይ ሁለት ምስክር መዝገብ ላይ ይፈርማል፣ ኦርቶዶክስ መሆንሽ ከመመስከር አይከለክልሽም፣ ግን ቀድመሽ ለአባ ንገሪያቸው። ቀሚስሽ ትከሻ ክፍት ከሆነ ነጠላ ያዢ።

ከዛ ፎቶ ሐይቁ ዳር፣ ፍቅር ሐይቅ የሚባለው ቦታ ነው መቼም፣ በሂል እዛ ድንጋይ ላይ አትሞክሪው፣ ፍላት ጫማ መኪና ውስጥ አስቀምጪ።